ካላማዳሪ ከመቀየራችሁ በፊት፦ የጅማ ብስክሌተኛ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ባለፈው ክረምት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ካላማዳሪ (ከጎማው ውስጥ ያለውን፣ ነፋስ የሚሞላበትን) ቀየርኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጎሚስታው ሥራውን ሳይጀምር ቀና ብሎ አየኝ። «ልጄ፣ የሚበሳብህን ነገር አግኝተኸዋል?» አለኝ። አላገኘሁትም። ፈልጌውም አላውቅም ነበር። ጎማውን ገለበጠና ውስጡን በጣቱ ጫፍ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ከዚያ በፒንሳ ከፀጉር ትንሽ የምትወፍር ሽቦ መዘዘ። ካረጀ የከባድ መኪና ጎማ መንገድ ላይ የምትረግፍ ሽቦ ናት። ሦስቱንም የበሳችው እሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ያበላሸውን ነገር እፈልጋለሁ። ጅማ ላይ ደግሞ የሚያበላሹት የታወቁ ናቸው፦ ዝናብ፣ ቀይ ጭቃ፣ ኮብልስቶንና ዳገት። ከተማችን በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ደረቅ አገር ያለ ሰው በወር አንዴ የሚያደርገውን ጽዳት እኔ ክረምት ላይ በየሳምንቱ አደርገዋለሁ። ሥራ ለመሄድም ሆነ ለጤና፣ ወይም እሁድን ዘና ለማለት የምትነዱ ሁሉ የሚገጥማችሁን በምልክቱ እያነሳሁ ልንገራችሁ።

ማታ የሞላሁት ጎማ ጠዋት ተንፍሶ አገኘዋለሁ

መጀመሪያ ቫልቩን ጠርጥሩ። ጎማውን ሙሉና የቫልቩ አፍ ላይ ምራቅ ወይም የሳሙና ውሃ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ችግሩ እሱ ነው። ውስጠኛውን ክፍል ማጥበቅ ወይም እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ጎማ ያስፈታል።

ቫልቩ ደህና ከሆነ ካላማዳሪው ይውጣ። ከማውጣታችሁ በፊት ግን በቫልቩ ትክክል ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ካላማዳሪውን ነፍታችሁ ሳፋ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት አረፋ የሚወጣበትን ታያላችሁ። ቀዳዳው ከቫልቩ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ለኩ። ከዚያ ጎማው ላይ ካለው ምልክት ተነስታችሁ በግራም በቀኝም ያንኑ ያህል ሂዱ። የበሳው ነገር ካለ ከሁለቱ ቦታዎች በአንዱ ታገኙታላችሁ። ስትዳስሱ ግን ቀስ በሉ፣ ጣት ይወጋል።

ቀዳዳው ያለበት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። መሬት በሚነካው ወገን ከሆነ እሾህ፣ ሚስማር ወይም ሽቦ ነው። ወደ ቸርኬው ወገን ከሆነ ግን ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። ወይ የአንዱ የቸርኬ ሽቦ ጫፍ ሾልኮ ወጥቷል፣ ወይ ጫፎቹን የሚሸፍነው ላስቲክ ተንሸራቷል። ጫፉን በሞረድ አስተካክሉና ላስቲኩን መልሱት። ላስቲኩ ካለቀ ካረጀ ካላማዳሪ ቆርጣችሁ መተካት ትችላላችሁ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ ደግሞ የወጋው ነገር የለም። ነፋሱ አንሶ ነው። የኮብልስቶን ጠርዝ ወይም የተነሳ የቦይ ክዳን ስትመቱ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል።

ስንት ነፋስ ይበቃል? ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። እኔ ባለ 26 ወፍራሙን ጎማ 40 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ አደርገዋለሁ። ከባድ ሰው ወይም ዕቃ የሚጭን ሰው ወደ 50 ከፍ ቢያደርገው ይሻለዋል። ከተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ግን አትለፉ። በመኪና ኮምፕሬሰር ስታስሞሉ ቁጥሩን ቀድማችሁ ተናገሩ። የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ነፋስ ትንሽ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ልኩን ያልፋል።

ስትለጥፉ አትቸኩሉ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ 5 ደቂቃ ጠብቁ። እርጥበቱ ሲጠፋ ነው ልጥፉ የሚቀመጠው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተጫነ ልጥፍ ሁለት ቀን አይሰነብትም።

ካቴናው ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ይወልቃል

እነዚህ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ሦስቱንም በዘይት ለመፍታት መሞከር ነው ስህተቱ።

የሚጮኸው ደርቆ ነው። ዝናብ ዘይቱን አጥቦ ይወስደዋል፣ በማግስቱ ዝገት ይጀምራል። እዚህ ከተማ በብዛት የማየው መፍትሄ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ነው። እባካችሁ ተዉት። ያ ዘይት የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዟል። ከቀዩ አፈር ጋር ሲለወስ ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የምግብ ዘይትም አይሆንም፣ ሲቆይ ሙጫ ይሆናል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ በትንሽ ነጭ ጋዝ አርሼ ካቴናውን እፈገፍጋለሁ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቄ። በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ከዚያ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ አዲስ ቀጭን ዘይት አደርጋለሁ። የብስክሌት ዘይት ሲጠፋ የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል፣ ቶሎ ስለሚታጠብ ግን ደጋግሞ መጨመር ያስፈልጋል። ፔዳሉን ወደ ኋላ 20 ጊዜ ያህል አዙሬ ውጭውን ጥርግ አድርጌ እወለውለዋለሁ። ዘይቱ የሚሠራው ውስጥ ነው። ውጭ የቀረው ጭቃ ይሰበስባል እንጂ አይጠቅምም።

የሚዘለው ተበልቶ ነው። የተማሪ ማስመሪያ አምጡ። ከአንዱ ፒን መሃል ተነስታችሁ 20 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ካቴና ላይ 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 255 ተኩል አካባቢ ሲደርስ ቀይሩት። 256 ተኩል ካለፈ ግን ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል። ያኔ ካቴና ብቻ ብትገዙ መዝለሉ አይቆምም፣ የኋላውን ጥርስም አብራችሁ ቀይሩ። በጊዜ የተለካ ካቴና የጥርሱን ገንዘብ ያድናል።

የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ ላልቶ ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላይ የካቴናውን መሃል በጣት ስትጫኑት ከ1 እስከ 1 ተኩል ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ የኋላ ጎማውን ዳዶዎች አላልታችሁ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ቀጥ ማለቱን አይታችሁ አጥብቁ። ማርሽ ያለውና ከወደቃችሁ በኋላ መውለቅ የጀመረ ከሆነ ማርሹን የሚይዘው ብረት ተጣሞ ሊሆን ይችላል። እስኪቃና ድረስ ትልቁን የኋላ ጥርስ አትጠቀሙ። ካቴናው የቸርኬው ሽቦዎች ውስጥ ከገባ ጎማው ባንዴ ይቆልፋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይዝም

ከጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኔ በጅማ ከሁሉም የምወደው መንገድ እሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ ግን እዚያው ሲወርድ ወድቆ ክንዱን ሰብሯል። ሲወጣ ፍሬኑ ይሠራ ነበር። ላይ ሳለ ዘነበ፣ ቸርኬው ረጠበ፣ ሲይዘው ተንሸራተተ።

ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ውሃ ጠላት ነው። የፍሬኑ ጎማ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ዝናብ ላይ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ያዙት። ከፊታችሁ ያለውንም ርቀት ከእጥፍ በላይ አድርጉት። ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነታችሁን ቀንሳችሁ ጨርሱ። መታጠፊያው ውስጥ፣ ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ፣ የፊት ፍሬን አትጨብጡ። ደረቅና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ሰብስባችሁ ሁለቱንም ቀስ በቀስ አጥብቁ።

ዝናብ ሳይኖርም ካልያዘ የፍሬኑን ጎማ አውጥታችሁ እዩት። አብረቅርቆ ከጠነከረ በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጉት። የተሰካ ጠጠር ወይም የብረት ፍንካች ካለ በመርፌ አውጡት፣ ካልወጣ ቸርኬውን ይቆርጠዋል። ካቴና ዘይት ስታደርጉ ቸርኬው ላይ ተንጠባጥቦ ከሆነ በሳሙና እጠቡት። መጨበጫው መሪውን እስኪነካ ከገባ የፍሬኑ ሽቦ ላልቷል፣ ሳቡትና አጥብቁ። አጥብቃችሁ ስትይዙት በመጨበጫውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት ክፍተት ይቅር። የሽቦው ክር መበጣጠስ ከጀመረ ዛሬውኑ ይቀየር። ነገ አይባልም።

የሚጮኽ ፍሬን ለብቻው አያስደነግጥም። የፍሬኑ ጎማ የፊት ጫፍ ከኋላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ስታዘነብሉት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ዲስክ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ዲስኩን ዘይት አታስነኩት፣ በጣታችሁም አትንኩት።

ፔዳሉ ቋ ቋ ይላል

ላልቷል። አጥብቁት፣ ግን አንድ ነገር እወቁ። የግራው ፔዳል ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፣ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያዞሩ ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ያበላሻሉ፣ ያኔ ሙሉውን መግዛት ይመጣል። አሮጌ ፊኒክስ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ክንዱን የያዘችው ሽብልቅ ተበልታ ሊሆን ይችላል። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ቀይሯት፣ በመዶሻ ብቻ አትለፏት።

ጎማው ሲዞር ይወላገዳል

የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ እንደ ክራር ንኳቸው። ድምፁ የወረደው ላልቷል። ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁና እንደገና እዩ። በአንዴ ብዙ ካዞራችሁ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ጉልበቴን ያመኛል፣ እጄ ይደነዝዛል

ብዙ ጊዜ የወንበሩ ከፍታ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው። የእግራችሁን ፊት ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ስትነዱ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል። ጉልበት ከፊት በኩል ሲያም ወንበሩ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ በኩል ሲያም ከፍ ያለ። ወጣቶች ወንበር ዝቅ ማድረግ ይወዳሉ፣ ያምራል ብለው። ጉልበታቸው ያሳዝነኛል። ለአምስት ደቂቃ ሥራ አንድ መፍቻ ይበቃል። ከባድ ማርሽ እየገፉ መሄድም ጉልበት ይጎዳል። ቀለል አድርጋችሁ በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ዙር ብትመቱ ይሻላል።

እጅ የሚደነዝዘው ክብደታችሁ መሪው ላይ ስለወደቀ ነው። የወንበሩ አፍንጫ ወደ ታች ካዘነበለ አስተካክሉት። የእጅ አንጓችሁን ቀጥ አድርጉ፣ መያዣውንም ቀያይሩ። ሕመሙ ከሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ይየው።

ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል

ዳገቱ መሃል ላይ ማርሽ አትቀንሱ፣ ሳይጀምር ቀንሱ። ካቴናው ተወጥሮ እያለ ሲቀየር ይዘላል። የመጀመሪያውን 100 ሜትር ከምትችሉት በታች ሂዱ። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ያለው ሰው ወርዶ ቢገፋ ምንም ነውር የለውም።

ሥራ ቦታ ላብና ጭቃ ሆኜ እደርሳለሁ

ፓራፋንጎ አስገጥሙ፣ የፊትም የኋላም። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ውጡና ዝግ ብላችሁ ንዱ። ቅያሪ ሸሚዝና ካልሲ በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ጃኬታችሁን መንገድ ላይ ሳይሆን ስትደርሱ ልበሱት። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ግን ከጭቃው ይልቅ የሚፈሩት የሰው ዓይን ነው፣ ብስክሌት የልጅ ነው ስለሚባል። በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ የተወዳደረችው በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ይህን ለሚጠይቋችሁ ሁሉ ንገሩ።

ባጃጅ ያስፈራኛል

ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ወደ ቀኝ ይቆማል፣ ድንገት። ስለዚህ በቀኙ፣ በእሱና በጠርዙ መካከል አትግቡ። ከኋላው ሆናችሁ ራቅ በሉ፣ ወይም ወደ ኋላ አይታችሁ በግራ እለፉ። ከቆመ መኪና ጎን ስታልፉ የበር ስፋት ያህል ተዉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላ ከኋላ ቀይ መብራት፣ ከፊት ነጭ መብራት ያስፈልጋችኋል። እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ሲመሽ ጥቁር ልብስ የለበሰ ብስክሌተኛ አይታይም።

ሹካው ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል

የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ወይም ሌላው ብረት ላይ፣ በተለይ ብየዳው አካባቢ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወይም በአንድ መስመር የወጣ ዝገት ካያችሁ እዚያው ውረዱ። መንስኤውን መፈለግ ይቆያል። ሹካ በብየዳ አይታመንም፣ ይቀየራል። ቤት ቅርብ ቢሆንም አትንዱት፣ እየገፋችሁ ሂዱ።