የሸራ ጀልባ መሪ ሲላላ እንዴት ይጠገናል?

አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መሪውን ታዞራላችሁ፤ ጎማው የሚሰማው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው። ያረጀ የሸራ ጀልባ መሪም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ጀልባ ፍሬን የላትም።

እኔና ጓደኛዬ ይህን የተማርነው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ውስጥ በገዛናት አሮጌ ጀልባ ነው። መሪው ሲላላብን ገመዱን አጠበቅነው። ሦስት ሳምንት ደህና ሄደ። እንደገና ላላ፤ እንደገና አጠበቅን። ለካ ጥፋቱ ገመዱ ላይ አልነበረም። የፑሌጃው (ገመዱ የሚዞርበት ትንሽ መንኮራኩር) ብሎኖች የገቡበት ጣውላ በስብሷል። ባጠበቅን ቁጥር ብሎኖቹን ከጣውላው ስንነቅል ነው የከረምነው። ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት የላላው የቱ እንደሆነ ፈልጉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሪው የቆመበት ምሰሶ ውስጥ እንደ ብስክሌት ጥርስና ካቴና አለ። ከካቴናው ሁለት ጫፎች የሽቦ ገመድ፣ ማለትም ካቮ ይነሳል። ካቮዎቹ በምሰሶው ውስጥ ወርደው፣ በፑሌጃዎች ዞረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እዚያ ኳድራንት የሚባል፣ የድፎ ዳቦ ሩብ የሚመስል ብረት አለ። እሱ ደግሞ የራደሩን ዘንግ ጨብጦ ይዟል። ራደር ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚያዞረው ሰፊ ሳንቃ ነው። በሃይድሮሊክ የሚሠሩ መሪዎችም አሉ፤ እዚህ የማወራው ስለ ካቮው ነው።

ጀልባዋን በደንብ እሰሩ። አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ ያወዛውዝ። እናንተ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከኋላ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ግቡ። ከመሪው እስከ ራደሩ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ተከታተሉ። አንዱ ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ዝም ካለ፣ ችግሩ እነሱ መሃል ነው። ፑሌጃው ከነማቀፊያው ብድግ ቁጭ ይላል? ኳድራንቱ ሲዞር ዘንጉ ዝም ብሏል? ወይስ ዘንጉ ራሱ ወደ ጎን ይወዛወዛል? ዘንጉ ከሆነ ያለቀው ዘንጉን ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ ማለትም የራደሩ ቡሽ ነው፤ ያ ጀልባዋ ከውሃ ወጥታ የሚሠራ ስለሆነ ለባለሙያ ተዉት። አደራ፣ ጣታችሁን ኳድራንቱና ከልክ በላይ እንዳይዞር የሚገታው ማቆሚያ መሃል አታስገቡ። ማዕበል ራደሩን ከመታው ጣት አይተርፍም።

ቀጥሎ ካቮው። በባዶ እጅ አትዳስሱት። ሶፍት ጠቅልሉበትና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራቱት፤ በተለይ ፑሌጃ ላይ የሚታጠፍበትን ቦታ እንዳትዘሉ። ሶፍቱ ተቦጭቆ ከቀረ፣ እዚያ የተበጠሰ ሽቦ አለ። አንዲትም ብትሆን ካቮው ይቀየራል። የኛ ካቮ ከሩቅ ሲያዩት ያብረቀርቅ ነበር። ሶፍቱ ግን ሦስት ቦታ ላይ እንደ ባዘቶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ምንም ባይገኝ እንኳ በየ5 ዓመቱ ገደማ መቀየሩ ይመከራል።

ስትገዙ 7 በ19 የሚባለውን ጠይቁ። 7 ጉንጉን አለው፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 19 ቀጫጭን ሽቦ፣ በድምሩ 133። ለዚህ ነው በቀላሉ የሚተጣጠፈው። የሸራውን ምሰሶ ወጥሮ የሚይዘው ግትር ገመድ ለመሪ አይሆንም። ውፍረቱንና ርዝመቱን ከአሮጌው ለኩ።

ከመፍታታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ወደ ካቴናው ለመድረስ ምሰሶው አናት ላይ ያለው ኮምፓስ መነሳት አለበት። ቦታውን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ ትንሽ ተጣሞ ከተመለሰ አቅጣጫ ያሳስታችኋል።

ፑሌጃዎቹንም አሁን ጨርሷቸው። ከሥራቸው እንደ እርሳስ ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ ካያችሁ፣ ካቮው ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ጠርዙን እየፋቀ ነው ማለት ነው። አስተካክሉት። የበሰበሰ ጣውላ ካለ በአዲስ ቀይሩና ብሎኑን በትልቅ ሮንዴላ አጥብቁ።

ስትገጥሙ ራደሩ ቀጥ ይበል፤ የካቴናው መሃል ደግሞ ጥርሱ አናት ላይ ይሁን። ካቮው ኳድራንቱ ጋ ሲታጠፍ የእንባ ዘለላ ቅርጽ ያለው ብረት ከውስጥ ይደግፈው። ጫፉን በሁለት ክላምፕ እሰሩ። ክላምፕ ሁለት ክፍል ያለው ማሰሪያ ነው፤ የU ቅርጽ ያለው ብሎን (ዩ-ቦልት) እና ገመዱ የሚቀመጥበት ኮርቻ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አንዱን ገልብጬው ነበር። ዩ-ቦልቱ የሚያርፈው በአጭሩ ትርፍ ጫፍ ላይ ነው። ኮርቻው ሸክሙን በሚይዘው በረጅሙ በኩል ይሆናል። ከተገለበጠ ዩ-ቦልቱ ዋናውን ገመድ ይጨፈልቀዋል።

ለውጥረቱ መሪውን እንዳይዞር እሰሩና ኳድራንቱን በእጃችሁ ግፉ። ካልተነቃነቀ በቃ። እንደ ክራር ጅማት አትወጥሩት፤ መሪው ይከብዳል፣ ፑሌጃውም ቶሎ ያልቃል። ካቴናውንና ካቮውን 30 ቁጥር የሞተር ዘይት በነካ ሶፍት አብሱ። ካቮው ላይ ግራሶ አትቀቡ፤ ቆሻሻ ይይዛል፣ የተበጠሰውንም ሽቦ ይደብቃል።

አሁን መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ አዙሩ። ካቴናው ከማለቁ በፊት ኳድራንቱ ማቆሚያው ላይ መድረስ አለበት። በቀጥታ ዘንጉ ላይ የሚሰካውን የአደጋ ጊዜ እጀታም አንዴ ሰክታችሁ ሞክሩ። የኛ ከሥሩ ዝጎ አልገባም አለ፤ በብርጭቆ ወረቀት ስንፈትገው ዋልን። አዲስ ካቮ ትንሽ ስለሚለጠጥ ከመጀመሪያው ጉዞ መልስ ውጥረቱን እንደገና እዩት። አሮጌውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጣሉ፤ እጅ ይወጋል።