ሊፍት ማሽን ሩም ውስጥ የማን ገመድ ይገባል፣ የማንስ አይገባም

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ሊፍት ያለው ፎቅ እየበዛ ነው፣ ግን ቴራስ ላይ ያለችዋን የማሽን ክፍል ስትከፍቷት ግማሾቹ ዕቃ ቤት ናቸው፣ መጥረጊያ፣ የቀለም ባልዲ፣ የዲሽ ገመድ ምናምን። አንድ ዓመት ለከተራ እንግዳ ጢም ብሎ ከሞላበት ሆቴል ተደውሎልኝ ሮጬ ስሄድ ሰው 3ኛና 4ኛ ፎቅ መሀል ተቀርቅሮ ጨለማ ውስጥ ይጮሃል። ለካ የሮቶውን ፓምፕ የሰራው ልጅ ቅርብ ሆኖ ስላገኘው ከሊፍቱ ብሬከር ስቦ ኖሯል፣ ፓምፑ ሾርት ሲያደርግ ብሬከሩ ወረደ፣ የካቢኑ (ሰው የሚቆምበት ሳጥን) መብራትም ከዛው ስለነበር አብሮ ጠፋ።

ስለዚ አንደኛውና ዋናው ህግ፣ ማሽን ሩምና ሻፍት (ካቢኑ የሚወጣ የሚወርድበት ቀዳዳ) ውስጥ ከሊፍቱ ጋር በቀጥታ የማይገናኝ ገመድ አይገባም። የአሜሪካኖቹ የኤሌክትሪክ ኮድ ኤንኢሲ አንቀጽ 620 ላይ አለ፣ የአውሮፓው የሊፍት ስታንዳርድ ኢኤን 81-20ም ክፍሉ ለሊፍት ብቻ ነው ይላል፣ እዚህ የሚገባው የቻይና ሊፍት የሚሰራበት ጂቢ 7588ም ከአውሮፓው የተቀዳ ስለሆነ ከቻይና ነው የመጣው ብሎ ማምለጥ የለም። የሚፈቀደው የሊፍቱ ፓወር፣ ሲግናልና ስልክ፣ የክፍሉና የሻፍቱ መብራትና ማናፈሻ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ከሻፍቱ ታች ያለው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ከገባ መምጠጫ ፓምፕ። የሮቶ ፓምፕ፣ ዲሽ፣ ካሜራ፣ የጎረቤት ዋይፋይ በውጭ ይዙሩ። ባለቤቱ "አንድ ገመድ ምን ያደርጋል" ይላችኋል፣ እሺ ጋሼ በሉና በውጭ አዙሩት 😄

ሁለተኛ ሜን ስዊቹ። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ቶሎ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ከኮንትሮል ፓነሉ (የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ሳጥን) ሆናችሁም ይታያችሁ፣ አጥፍታችሁ ጓጉንቸር የምትቆልፉበት ቀዳዳ ይኑረው። ሁለት ሊፍት ካለ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጻፍበት። እዚ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ይሄ ስዊች ሲጠፋ የካቢኑ መብራትና ማናፈሻ፣ የካቢኑ ጣራ ላይ ያለው ሶኬት፣ የማሽን ሩሙ መብራትና ሶኬት፣ የሻፍቱ መብራት፣ የጉድጓዱ ሶኬት መጥፋት የለባቸውም፣ አላርሙም እንደዛው። የካቢኑ መብራት የራሱ ብሬከር፣ የክፍሉ መብራትና ሶኬት የራሳቸው ብሬከር። የክፍሉን መብራት ደግሞ ከሊኬጅ ብሬከሩ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲሾልክ ከሚያጠፋው) በኋላ አታውጡት፣ ሶኬቱ ላይ ድሪል ሰክታችሁ ብሬከሩ ቢወርድ የሚዞር የሊፍቱ ብረት ገመድ አጠገብ በጨለማ ትቀራላችሁ። ማብሪያው በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ወለሉ ላይ 200 ሉክስ፣ አንዲት አምፖል በሽቦ አንጠልጥሎ መሄድ አይሰራም።

ፓነሉ ፊት ለፊት በአውሮፓው ቢያንስ 70 ሳንቲ፣ በአሜሪካኑ 90 ሳንቲ ግድም ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ እኔ 90ውን ነው የምይዘው፣ ወደ ኋላ ስትሸሹ ግድግዳ እንዳይጠብቃችሁ። በሩ ይቆለፍ፣ ቁልፉ ዘበኛውም ጋ ይኑር።

ግራውንድና ኒውትራል ማሽን ሩም ውስጥ በፍጹም አይገናኙም። አረንጓዴ-ቢጫው ለግራውንድ ብቻ ነው፣ ገመድ አለቀብኝ ተብሎ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው መስመር) አይላክበትም (አይቻለሁ፣ ስቀልድ አይደለም)።

ፓነሉን ከመንካታችሁ በፊት አጥፉ፣ ቆልፉ፣ በመልቲሜትር ለኩ። ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዕቃ) ያለው ከሆነ ከጠፋም በኋላ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፣ ማኑዋሉ የሚለውን ደቂቃ ጠብቁ።

ሌላ ማንም የማያስበው ነገር ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባህር ጠለል 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሞተርና ኢንቨርተር ግን በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ታስቦ ነው የሚሰራው፣ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙ ይደክማል። ብዙ ማኑዋል ከ1,000 በላይ በየ100 ሜትሩ ከአቅሙ 1 ፐርሰንት ቀንሱ ይላል፣ እኛ ጋ ወደ 11 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚ ሲታዘዝ ከፍታውን ንገሯቸው። ክፍሉም ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ የቆርቆሮ ጣራ ከሆነ በመጋቢት ፀሐይ ምድጃ ነው የሚሆነው፣ ፋን ግጠሙበት።

የመጨረሻው ጀነሬተር። መብራት ሄዶ ቼንጅ ኦቨሩ (ከመስመር ወደ ጀነሬተር የሚቀይረው ስዊች) ሲዞር ሊፍቱ ኤረር ካወጣ ብዙ ጊዜ የጀነሬተሩ የፌዝ ቅደም ተከተል ከመስመሩ ጋር ስለማይገጥም ነው፣ ፌዞቹን የሚጠብቀው ሪሌይ አውቆ አቆመው። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ሪሌዩን በሽቦ ባይፓስ አድርጎ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ከዛ አንድ ፌዝ የጠፋ ቀን ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል፣ ኢንቨርተር የሌለው የድሮ ሊፍት ከሆነ ደግሞ ውረድ ስትሉት ይወጣል። ሪሌዩን ተዉት፣ ጀነሬተሩን አጥፍታችሁ ከሱ በኩል ከሚመጡት ገመዶች ሁለቱን ፌዝ አቀያይሩ፣ ከዛ በሁለቱም መስመር ሊፍቱን ከታች እስከ ላይ ባዶውን አስኪዱት።