ስኮላርሺፕ ለማግኘት ከሰጪው ዓላማ መነሳት

ስኮላርሺፕ ፍለጋ የሚጀምሩ ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የት ላመልክት?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚህ መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ ይኸውም ገንዘቡን የሚያወጣው አካል ለምን ያወጣዋል የሚለው ነው። መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በጎ አድራጊ ድርጅቶችና ኩባንያዎች ለሰው ትምህርት የሚከፍሉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት ነው። የመምረጫ መስፈርቱም፣ አመልካቹ እንዲጽፍ የሚጠየቀው ጽሑፍም፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው ግዴታም የሚመነጩት ከዚያ ምክንያት ነው። ይህን ያወቀ አመልካች አንድ ዓይነት ማመልከቻ በየቦታው ከመበተን ይድናል።

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠውን ቺቭኒንግን እንመልከት። ዓላማው በየአገሩ ወደ ኃላፊነት ይወጣሉ ተብለው ከሚታሰቡ ሰዎች ጋር ዘላቂ ግንኙነት መፍጠር በመሆኑ፣ የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ወጪ የሚሸፍነው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ላላቸው ሰዎች ነው፤ ተመራቂውም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ከፍተኛ ውጤት ብቻ ይዞ መቅረብ አያዋጣም፤ አመልካቹ ሰዎችን አስተባብሮ አንድ ሥራ ከዳር ማድረሱን ማሳየት አለበት። ኢራስመስ ሙንዱስ በሚል ስም የሚታወቀው የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ ፕሮግራም ደግሞ የተለያዩ አገሮችን ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተሳሰር የታሰበ ስለሆነ ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች ይማራል፤ ተማሪ የሚመርጡትም ፕሮግራሙን በጋራ የሚያስተምሩት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ «በአውሮፓ መማር እፈልጋለሁ» የሚል ደብዳቤ ለእነርሱ ምንም አይነግራቸውም። ማንበብ የሚፈልጉት በመጀመሪያው አገር የሚሰጠው ኮርስ በሁለተኛው አገር ካለው የምርምር ሥራ ጋር ተያይዞ ለአመልካቹ ምን እንደሚጠቅመው ነው።

ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱ ተማሪዎች

ስማቸው በብዛት የሚነሳው ስኮላርሺፖች አብዛኞቹ ለማስተርስና ለዶክትሬት የተዘጋጁ መሆናቸው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚወጡ ተማሪዎችን ያሳስታል። ቺቭኒንግና ኢራስመስ ሙንዱስ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይከፍሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ የተመሠረተው ፉልብራይትም ለውጭ አገር ተማሪዎች የሚሰጠው ዕድል ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ላለው ትምህርት ነው። በአንጻሩ የጃፓን፣ የቱርክ፣ የደቡብ ኮሪያና የሃንጋሪ መንግሥታት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችንም ይቀበላሉ። ከእነዚህ ውስጥ የጃፓን፣ የቱርክና የኮሪያ ፕሮግራሞች በአብዛኛው መደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የአገሩን ቋንቋ ለማስተማር አንድ ዓመት ያህል ስለሚመድቡ፣ የአራት ዓመቱ ዲግሪ አምስት ዓመት እንደሚፈጅ ቤተሰብም ተማሪውም አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። ለአፍሪካ ወጣቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም አለ፤ ለእርሱ የሚያመለክቱት ከፋውንዴሽኑ ጋር በሚሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ነው።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ድጋፍ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በውጤት፣ በስፖርት ወይም በልዩ ተሰጥኦ የሚገኝ ሲሆን ሌላው የቤተሰብን የመክፈል አቅም መሠረት ያደረገ ነው። አይቪ ሊግ በሚል የጋራ ስም የሚታወቁት ስምንት ታዋቂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ጭራሽ አይሰጡም፤ የሚደግፉት በችግር ልክ ብቻ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤም.አይ.ቲ. የውጭ አገር አመልካችንም ቢሆን የመክፈል አቅሙን ሳይመለከቱ ይመርጣሉ፤ ከተቀበሉትም በኋላ ቤተሰቡ መክፈል እንደማይችል የታወቀውን ቀሪ ወጪ በሙሉ ይሸፍናሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ግን የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ መጠየቁን ሲመርጡ ከግምት ያስገቡታል። ይህን ፈርቶ ችግርን መደበቅ ትልቅ ስሕተት ነው፤ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ እርዳታ ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ ከገባ በኋላ እንዳይጠይቅ የሚከለክሉ ተቋማት ብዙ ናቸውና።

የሚጎድለውን ገንዘብ ማስላት

ሁለት ማስታወቂያዎች «ሙሉ ስኮላርሺፕ» ቢሉም የሚከፍሉት አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል። አንዱ የትምህርት ክፍያን ብቻ ሲሸፍን ሌላው ማደሪያን፣ ምግብን፣ የጤና መድንን፣ መጻሕፍትንና የአውሮፕላን ትኬትን ይጨምራል። ስለዚህ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ በዝርዝር ይጻፉ፤ ከጎኑ ስኮላርሺፑ የሚከፍለውን ያስፍሩና ልዩነቱን በትምህርቱ ዓመታት ቁጥር ያባዙት። መወዳደር ያለበት የስጦታው መጠን ሳይሆን ይህ ልዩነት ነው። ዓመታዊ ወጪው 30,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ 15,000 ቢሰጥ፣ ወጪው 60,000 የሆነ ሌላ ኮሌጅ ደግሞ 52,000 ቢሰጥ፣ ውድ የሚመስለው ሁለተኛው ኮሌጅ ከቤተሰቡ የሚጠብቀው ከመጀመሪያው 7,000 ዶላር ያነሰ ነው።

በተቃራኒው የትምህርት ክፍያ አለመኖሩ ብቻውን ትምህርቱን ከወጪ ነፃ አያደርገውም። አብዛኞቹ የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ አገር ተማሪን የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ክፍያ በሌለበትም ቢሆን ቪዛ የሚጠይቅ ተማሪ ለመጀመሪያው ዓመት መኖሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወራት ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነበር፣ በየጊዜውም ስለሚሻሻል ከኤምባሲው ማረጋገጥ ይገባል። ከዚህ ሌላ የስኮላርሺፑ ገንዘብ ከመድረሱ በፊት ከኪስ የሚወጡ ወጪዎች አሉ፤ የቋንቋ ፈተና፣ የሰነድ ትርጉምና ማረጋገጫ፣ የቪዛ ክፍያ፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይ። ጥሩ ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ዕድላቸው ሲያመልጣቸው ማየት ያሳዝናል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያን ለችግረኛ አመልካች ስለሚተዉ በደብዳቤ መጠየቅ አያሳፍርም።

የት እና መቼ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ሊማሩበት የሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲ የራሱ የገንዘብ ድጋፍ ገጽ ነው፤ በስኮላርሺፕ ስብስቦች ላይ የሚወጣው መረጃ ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። በጀርመን ለመማር ዳድ የተባለው የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት የራሱንም የሌሎች ድርጅቶችንም ስኮላርሺፖች በአንድ የመረጃ ቋት ያቀርባል። ለአሜሪካ ትምህርት ደግሞ በየአገሩ ያሉት የኤዱኬሽን ዩ.ኤስ.ኤ. ማዕከላት ምክር ይሰጣሉ። ወላጅ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የሙያ ማኅበራትና የእምነት ተቋማት የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍም መናቅ የለበትም፤ የሚወዳደረው ሰው ጥቂት ነው።

ትምህርቱ ከሚጀመርበት ቀን አንድ ዓመት ተኩል ቀድሞ መነሳት ተገቢ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ ለመኸሩ ትምህርት ማመልከቻ የሚቀበለው በአብዛኛው ከዚያ በፊት ከሚውለው ኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ ባሉት ወራት ነው። ቶፈልና አይኤልትስ የተባሉት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናዎች ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ እጅግ አስቀድሞ መፈተንም አይመከርም።

ጽሑፉና የድጋፍ ደብዳቤው

መራጮች የሚያነቧቸው ጽሑፎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አገርን ስለ መውደድ፣ ከልጅነት ጀምሮ ስለ ነበረ ሕልም፣ ወገንን ስለ ማገልገል ይናገራሉ። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዱን አመልካች ከሌላው ግን አይለይም። የሚለየው ዝርዝር ነው። «ወጣቶችን መርዳት እፈልጋለሁ» ከማለት ይልቅ፣ በሒሳብ የደከሙ ተማሪዎችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስታስጠና የቆየች ልጅ ምን እንደከበዳቸው፣ ምን ዘዴ እንደሞከረች፣ ምን እንዳልሠራላትና ከዚያ ተነስታ የትኛውን የትምህርት ዘርፍ ልታጠና እንደወሰነች ብትጽፍ አንባቢው ሰውየዋን ያያታል። ከዚያም ይህን ታሪክ ከስኮላርሺፑ ዓላማ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ ያው ታሪክ ለአንዱ ሰጪ የአመራር፣ ለሌላው የምርምር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የተጠየቀውን ጥያቄ ትቶ ለሌላ ቦታ የተጻፈን መልስ ማስገባት ግን ወዲያው ይታወቃል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን ሰው ሲመርጡ ከማዕረጉ ይልቅ ምን ያህል እንደሚያውቅዎት ያስቡ። ስምዎን ብቻ ከሚያውቅ ዲን ይልቅ የምርምር ሥራዎን መስመር በመስመር ያረመ መምህር የተሻለ ይጽፋል። ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ይጠይቁት፤ ትራንስክሪፕትዎን፣ የጽሑፍዎን ረቂቅና ስለ ስኮላርሺፑ ዓላማ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻም ይስጡት።

ገንዘብ ከፍለው ስኮላርሺፕ «እንዲወጣልዎ» የሚጠይቅዎትን ሰው አይመኑ። የማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቁ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ማሸነፍዎን ዋስትና ሰጥቶ፣ ወይም ያላመለከቱበትን ዕድል «አግኝተዋል» ብሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ግን አጭበርባሪ ነው።

ዕድሉን ካገኙ በኋላ የሽልማት ደብዳቤውን ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት በሙሉ ያንብቡ። በየዓመቱ እንዲታደስ ምን ውጤት መጠበቅ እንዳለበት፣ የትምህርት ክፍል መቀየር ይፈቀድ እንደሆነ፣ ትምህርቱ ቢቋረጥ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ፣ ከምረቃ በኋላ ወደ አገር የመመለስ ግዴታ መኖሩን ይመልከቱ። ከሁለት ቦታ ድጋፍ ካገኙ ደግሞ አንዳንድ ኮሌጆች ከውጭ የመጣውን ገንዘብ ያህል ከራሳቸው እርዳታ እንደሚቀንሱ ይወቁ። ስለዚህ ሁለተኛውን ድጋፍ ከመቀበልዎ በፊት የሚቀነሰው ከስጦታው ይሁን፣ ወይስ በእርዳታው ውስጥ ከተካተተው ብድር ወይም ተማሪው ሠርቶ ከሚያገኘው ክፍያ፣ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።