ከቤት ሆኖ በመጻፍ መኖር፦ ሰዓትን እንዴት ማስከበር ይቻላል?

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መገናኛ የታክሲ ሰልፉ ሲረዝም፣ እናንተ ጋቢ ደርባችሁ ቤታችሁ ትጽፋላችሁ። በጾም ወቅት ቀን አስቀድሳችሁ ሥራውን ማታ ትቀጥሉታላችሁ። ጎረቤት ሲያዝን አለቃ ሳታስፈቅዱ ሄዳችሁ ታስተዛዝናላችሁ። እኔ ከቤቴ እየጻፍኩና እየተረጎምኩ ነው የምኖረው፤ ይህን ነፃነት በደመወዝ አልለውጠውም። ነፃነቱ ግን እንዲሁ አይመጣም። ሥርዓት ይፈልጋል።

ማለዳውን ያዙ

ለመጻፍ የሚመቻችሁን ሰዓት ምረጡና አትልቀቁት። የእኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ስልክ አይጮኽም፣ ጭንቅላትም ትኩስ ነው። በዚህ ሰዓት ከባዱን ጽሑፍ ብቻ ሥሩ። ኢሜይልና የክፍያ ጥያቄ ከሰዓት ይደርሳል። ቴሌግራም እስከዚያው ድምፁ ይጥፋ።

ጠረጴዛና ወንበር ይኑራችሁ፤ አልጋ ላይ አትጻፉ። ላፕቶፑ ያገለገለ ቢሆን ግድ የለም። ወንበሩ ላይ ግን አትቆጥቡ፤ ወገብ ከሄደ ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

ቤተሰቡን አሳምኑ

ከባዱ ይህ ነው። ቢሮ የሚሄድ ሰው ሥራ ላይ መሆኑ ይታወቃል። ቤት የተቀመጠ ሰው ግን በብዙዎቻችን ዓይን ሥራ የፈታ ነው። ጋዝ ሲያልቅ፣ የመብራት ካርድ የሚሞላ ሲጠፋ፣ ቧንቧ ሠሪው ሲመጣ "እሷ ቤት አይደለች እንዴ?" ይባላል። እያንዳንዱ ጉዳይ ትንሽ ነው፣ እምቢ ለማለትም ይሉኝታ ይይዛል። ሲደማመር ግን ቀኑ ያልቃል።

ቡናውም አለ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። መሃል ላይ ተነሥቶ መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች መፍትሔው በር ዘግቶ ዝም ማለት ይመስላቸዋል። አይሠራም። በሩ ሲዘጋ እናት "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ብላ ታንኳኳለች።

የሚሠራው ሰዓቱን በግልጽ መናገር ነው። "ሥራ አለብኝ" ብቻ አይበቃም፤ መቼ እንደምትጨርሱም ንገሯቸው። እኔ እናቴን "እማዬ፣ ሰው ከመጣ እስከ አራት ሰዓት የለችም በይልኝ፤ አራት ሰዓት ላይ ቡናውን እኔ አፈላለሁ" አልኳት። ነገሩን ያስተካከለው "እኔ አፈላለሁ" ማለቴ ነው። እምቢታ ቀጠሮ ካለው ማንም አይቀየምም። ቀጠሮውን ግን አክብሩ። አራት ሰዓት ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም ተነሡ።

ቀጥሎ ምልክት ያስፈልጋል። እኔ ሥራ ላይ ስሆን የውጪ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ ስጨርስ ነጠላ ጫማ። የእህቴ ልጅ ገና ማንበብ ሳይችል በሩ ላይ ቆሞ እግሬን አይቶ መመለስ ለምዷል። በር ላይ "አትግቡ" ብሎ ከመለጠፍ ይህ በጣም ይሻላል፤ ወረቀት እንግዳ ያስቀይማል።

ለቅሶ ወይም ሕመም ሲመጣ ግን ሰዓቱን ተዉት። ሂዱ። ከቤት መሥራታችን ለዚህም ጭምር ነው። ኤዲተሩ ቀድሞ ከተነገረው አንድ ቀን ይታገሣል።

መብራትና ኢንተርኔት

ላፕቶፑን ማታ ቻርጅ አድርጉ። ዋይፋይ ቢኖራችሁም የስልክ ዳታ ያዙ፤ መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሄዳል። ጎግል ዶክስን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ኢንተርኔቱ ሳለ አስተካክሉት። ጄኔሬተር ለአንድ ጸሐፊ ትርፍ ወጪ ነው ባይ ነኝ። ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ ይበቃል።

ሲተይቡና ሲልኩ

በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፊደሉ በየኮምፒውተሩ ሳይለወጥ እንዲነበብ የሚያደርግ የጋራ የፊደል አሠራር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬም ግን በድሮው የፓወር ግዕዝ ፎንት የሚተይቡ አሉ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይከፈታል። ከዎርድ ፋይሉ ጋር ፒዲኤፍም ላኩ።

ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ በሰዓትና በቀን ተጠንቀቁ። እሱ "ከቀኑ 3 ሰዓት" ሲል በእኛ 9 ሰዓት ነው፤ ያም የማን ከተማ ሰዓት እንደሆነ ከታወቀ ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ትቀድማለች። ቀኑም እንደዚያው ነው። "5/9" ለእኛ ግንቦት 5 ነው፤ ለአሜሪካዊው ሜይ 9፣ ለእንግሊዛዊው ሴፕቴምበር 5። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፣ ሰዓቱንም "በአዲስ አበባ ሰዓት" ብላችሁ መልሳችሁ አረጋግጡ።

ክፍያ

ዋጋውን፣ የቃላቱን ብዛት፣ እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። የቴሌግራም መልእክትም ቢሆን ከአፍ ቃል ይሻላል። አዲስ ደንበኛን ቀብድ ጠይቁ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩም ቀብድ ይቀበላል። እኔ ግማሹ ሳይገባልኝ አልጀምርም። ለአገር ውስጥ ደንበኛ በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍ የደቂቃ ሥራ ስለሆነ "ነገ እልካለሁ" የሚለውን በቀላሉ አትቀበሉ። ከፋዩ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ይፈልግ እንደሆነ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አጣሩ። ጽሑፉን ካስረከባችሁ በኋላ ከሰማችሁት ገንዘባችሁ ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ሲንከባለል ይከርማል።