ታርፐንን በማንግሮቭ ውሃ ውስጥ በማታለያ እንዴት ማጥመድ ይቻላል

ጎህ ሲቀድ ነፋስ ገና አልተነሳም። ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል፤ ቀለሙ ቀጠን ብሎ የተቀዳ ሻይ ይመስላል። በጨዋማ ውሃ ዳር ከሚበቅለው ማንግሮቭ ከተባለ ዛፍ ሥር ሃያ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ነገር ውሃውን ቀስ ብሎ ይከፍተዋል፤ መጀመሪያ አፍንጫው፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለው ጀርባውና የሚያብለጨልጨው ጎኑ፣ በመጨረሻ ጅራቱ ብቅ ይላል። «ኡፍ» የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ውሃው ተመልሶ ይገጥምና ቦታው ላይ ጥቂት አረፋዎች ብቻ ይቀራሉ። ብዙ ሰው በዚህች ቅጽበት እጁ ይቸኩላል፤ ማታለያውን፣ ማለትም ዓሣ መሰሉን ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ አረፋው ላይ ይወረውርና ታርፐን የተባለውን ይህን ትልቅ ዓሣ ያባርረዋል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉዞዎች ያባከንኩት በዚሁ ነው። ስለዚህ ከዕቃውም ከውርወራውም በፊት አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ እዩ።

የምናወራው በአሜሪካ፣ በደቡብ ፍሎሪዳ ስላለው የኤቨርግሌድስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተ ሲሆን በምዕራብ ዳርቻው ቴን ታውዛንድ አይላንድስ የሚባሉት ትናንሽ የማንግሮቭ ደሴቶች ተበትነዋል። ከኤቨርግሌድስ ሲቲ እስከ ፍላሚንጎ 159 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ የጀልባ መንገድ በወንዞችና በኩሬዎች መካከል ያልፋል። ሱቅ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ በአብዛኛው መንገድ ስልክም አይሠራም።

ዓሣውን እወቁት

ታርፐን አየር ይተነፍሳል። የአየር ከረጢቱ ከጉሮሮው ጋር የተያያዘ ነው፤ ውስጡም እንደ ሳንባ ያገለግለዋል። ኦክስጅን ባነሰበት የረጋ ውሃ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሲቸገር እሱ ብቅ ብሎ ተንፍሶ ይመለሳል። ጫጩቶቹ ከማንግሮቩ ጀርባ ባሉት የረጉ ኩሬዎች የሚያድጉትም ለዚህ ነው፤ የሚያሳድዳቸው ትልቅ ዓሣ እዚያ አይገባም። እኛም ያለበትን ቦታ የምናውቀው በዚሁ ትንፋሹ ነው።

ሁለተኛው ነገር አፉ ነው። የታችኛው መንጋጋ ወደ ላይ ተቀልብሶ ከላይኛው ይቀድማል፤ ዓሣው የሚመለከተውም የሚበላውም ከዓይኑ ትይዩና ከዚያ በላይ ያለውን ነው። ከሆዱ በታች ያለፈ ማታለያ እንዳልተወረወረ ቁጠሩት። የአፉ ውስጥ ደግሞ አጥንት ነው፤ ዳሩም እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነው። መንጠቆ በቀላሉ የማይገባው፣ ቀጭን ክርም የማይበረክተው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓለም ክብረ ወሰን የተመዘገበው ታርፐን እ.ኤ.አ. በ2003 በጊኒ ቢሳው የተያዘው ሲሆን 129.98 ኪሎ ይመዝናል። ዕድሜያቸውም ረጅም ነው፤ በቺካጎ ሼድ አኳሪየም አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1998 ኖሯል። እጃችሁ ላይ ያለው ትልቅ ታርፐን ምናልባት ከእናንተ በዕድሜ ይበልጣል። ይህን ማሰብ አያያዝን ይለውጣል።

መቼና የት

ትልልቆቹ ወደዚህ ውሃ በብዛት የሚገቡት ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ነው። ታርፐን ሙቀት ይወዳል፤ ውሃው 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲሆን ይነቃቃል። ብርድ ሲመጣ ወደ ጥልቁ ይሸሻል።

በቀኑ ውስጥ ወሳኙ ሰዓቱ ሳይሆን የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ውሃው ሲጎድል በማንግሮቩ ሥሮች መካከል የተደበቁት ትናንሽ ዓሦች ቦታ ያጡና ከጠባቡ ወንዝ አፍ ይወጣሉ። ታርፐኑም እዚያ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል። እኔ የምመርጠው የጉድለቱን የመጨረሻ ሁለት ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ከማለዳ ጸጥታ ጋር ከገጠመ ግን ሌላ አልመኝም። የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ከመነሳታችሁ በፊት አውርዳችሁ ያዙ።

ዕቃው

ርዝመቱ ከ2.1 እስከ 2.3 ሜትር የሆነ ጠንካራ ዘንግ፣ 6000 ወይም 8000 ቁጥር ያለው ሪል (የክር መጠቅለያ)፣ ቢያንስ 250 ሜትር 50 ፓውንድ (23 ኪሎ ያህል) የሚችል የተጎነጎነ ክር። ጫፉ ላይ ሜትር ተኩል የሚሆን ከ60 እስከ 80 ፓውንድ የሚችል ሊደር፣ ማለትም ከማታለያው ጋር የሚያያዝ ፍሎሮካርቦን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ወፍራም የጫፍ ክር፣ ይቋጠራል። «ቀጭን ክር ብይዝ የበለጠ ያስደስታል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በቀጭን ክር ትግሉ ይረዝማል፣ ዓሣው ተዳክሞ ይሞታል። ወፍራሙ ክር ለዓሣው ምሕረት ነው።

ማታለያ ስል ከፕላስቲክ ወይም ከጎማ የተሠራውን ዓሣ መሰል ነገር ማለቴ ነው። ሦስት ዓይነት ይበቃችኋል፦ ጅራቱ የሚወዛወዝ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጎማ ዓሣ፣ ቀስ ብሎ የሚሰጥም መሌት የተባለውን ዓሣ የሚመስል፣ ጥልቀት ለሌለው ቦታ ደግሞ የሚንሳፈፍ። ለዚህ ሻይ መሰል ውሃ ጥቁር፣ ወይን ጠጅና ወርቃማ ቀለም ያለው ይሻላል፤ ዓሣው ከታች ሆኖ ሲያይ ጥላው ጎልቶ ይታየዋል። ማታለያው እንደልቡ እንዲወዛወዝ ጫፉን በጥብቅ ቋጠሮ ሳይሆን በላላ ቀለበት እሰሩት።

ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ካለበት አውጡትና በነጠላ መንጠቆ ተኩት፤ ወደኋላ የዞረችውን ትንሿን ሹል በፒንሳ ጨፍልቋት። ከዚያ የመንጠቆውን ጫፍ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ አስደግፋችሁ በቀስታ ጎትቱ። ከተንሸራተተ ዶሏል፣ ሞርዱት፤ ጥፍሩን ይዞ ከቆመ ተስሏል። በየጠዋቱ ይህን ሳላደርግ አልወረውርም።

የሪሉን ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀውን ክፍል፣ በሚዛን ለኩት፤ ለ50 ፓውንድ ክር ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሲሳብ መልቀቅ ይጀምር። በእጅ ግምት አይሆንም።

መቅረብ

ሞተሩን ቢያንስ መቶ ሜትር ሲቀር አጥፉ። ከዚያ በኋላ በረጅም ዘንግ እየገፋችሁ ወይም በትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተር ትቀርባላችሁ። ታንኳ በዘንግ ሲገፋ ያየ ሰው ዘዴው አይጠፋውም፤ ዘንጉን ሳያንኳኩ መሬት ማስነካት፣ ቀስ ብሎ መደገፍ፣ ሳያንቦጫርቁ ማውጣት። የጀልባው ወለል ላይ የወደቀ ፒንሳ ድምፁ ውሃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

አሁን ቁሙና ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። የሚመለሰው ጥያቄ ሦስት ነው፤ ስንት ናቸው፣ አፋቸው ወዴት ዞሯል፣ እንዴት ነው የሚገላበጡት፣ ማለትም ለመተንፈስ ብቅ ብለው የሚመለሱት? ዝግ ብሎ፣ ተንሰራፍቶ የሚገላበጥ ታርፐን ተረጋግቷል፣ ይበላል። ፈጥኖ ብቅ ብሎ የሚሰወር፣ ጀርባውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደንግጧል፤ ቢወረወርለትም አይነካ። እሱን ተዉትና ወደሚቀጥለው ወንዝ አፍ ሂዱ። ከተገላበጠ በኋላ የሚወጡትን አረፋዎች ተከታተሉ፤ ሰንሰለት ሠርተው የሚሄዱበትን አቅጣጫ ያሳያሉ።

ውርወራው

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ብንቆይ ይገባል። በሕይወቱ ሁሉ ትናንሽ ዓሦች ከታርፐን ይሸሻሉ እንጂ ወደ እሱ አይመጡም። ወደ ፊቱ የሚገሰግስ ማታለያ ያየ ዓሣ ምግብ አይመስለውም፤ አደጋ ነው ብሎ ይሸሻል። ስለዚህ የጀልባችሁ አቀማመጥ ከክንዳችሁ ጉልበት ይበልጣል። ዓሣው ከሚሄድበት ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ሆናችሁ፣ ማታለያው በመንገዱ ፊት አቋርጦ ከእሱ እየራቀ እንዲሄድ አስተካክሉ።

አፍንጫው ካለበት ሁለት ወይም ሦስት ሜትር አስቀድማችሁ፣ ከመንገዱም አንድ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ አሳርፉት። ጭንቅላቱ ላይ ከወደቀ አለቀ። ክሩን ቶሎ አጥብቁና ማታለያው እስኪደርስበት ጠብቁ፤ ከዚያ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅልሎ አንድ ጊዜ ማረፍ። ከኋላው ውሃው ሲያብጥ ካያችሁ እጃችሁን አታቁሙ፤ ትንሽ አፍጥኑት። የሚሸሽ ምግብ የሚቆመው ሲሞት ብቻ መሆኑን ዓሣው ያውቃል።

ሲይዝ

አንዳንዴ ክንድን የሚነቀንቅ ምት ይመጣል፤ አንዳንዴ ግን ማታለያው እንጨት ላይ የተሰካ ይመስላል። በሁለቱም ዘንጉን ወደ ላይ አትሳቡ። ክብደቱ እስኪሰማችሁ ጠቅልሉ፤ ክሩ ሲወጠር የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው አውርዳችሁ ወደ ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ አጠር አድርጋችሁ በኃይል ሳቡ። አጥንት ውስጥ የሚገባው እንዲህ ሲደረግ ነው።

ወዲያው ይዘላል። ሰው የሚያክል ብር ከውሃው ወጥቶ አየር ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ የስንጥቡ ክዳን ሲንኳኳ ይሰማችኋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ዓሣውን የብር ንጉሥ ይሉታል፤ በዚህች ሰዓት የሚደረገውም በእኛ ቋንቋ ስም አለው፦ ለንጉሥ እጅ መንሳት። ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ ሁለት ክንዳችሁን ወደ ዓሣው ዘርጉ፣ ክሩ ይላላ። ውሃ የማይሸከመው ዓሣ ሙሉ ክብደቱን ክሩ ላይ ይጥላል፤ ክሩ ከተወጠረ ይበጠሳል ወይም መንጠቆው ይወልቃል። ውሃው ውስጥ ተመልሶ ሲገባ ደግሞ ወዲያው አጥብቁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጎን ጉተታ ነው። ዘንጉ ወደ ሰማይ ከቆመ የሚደክመው የእናንተ ጀርባ ነው። ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ጭንቅላቱን አዙሩት። አየር ሊተነፍስ ብቅ ሲል ደግሞ አጥብቃችሁ ወደ ታች ጎትቱ፤ አንድ ትንፋሽ አዲስ ጉልበት ይሰጠዋል፣ ትግሉም ያን ያህል ይረዝማል። ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ አልፎ ካልቀረበ እኔ ክሩን እቆርጣለሁ። ሻርክ ከታየ ግን ምንም አትጠብቁ፤ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ ወይም ቁረጡ፣ ያልተያዘ ታርፐን ማምለጥ ይችላል።

መልቀቅ

በፍሎሪዳ ታርፐን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተይዞ የሚለቀቅ ብቻ ነው። ዓሣውን ማስቀረት የሚችለው ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ የሚገዛውን፣ በዓመት ለአንድ ሰው አንድ ብቻ የሚሰጠውን መለያ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከአንድ ሜትር በላይ የሆነውን ከውሃ ማውጣት ሕግ ይከለክላል። ጀልባው ላይ የተነሳ ትልቅ ታርፐን የገዛ ክብደቱ የውስጥ ዕቃውን ይጎዳዋል። ፎቶም ውሃው ውስጥ እንዳለ ይነሳ።

ጓንት ያጠለቀ እጅ የታችኛውን መንጋጋ ይያዝ፤ ወደ ስንጥቡ ጣት አይግባ። መንጠቆውን በፒንሳ አውጡ። አፉን ወደ ፊት አድርጋችሁ ጀልባው በጣም በዝግታ ይሂድ፤ ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ይውጣ። ወደ ኋላ አትጎትቱት። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀስ በቀስ ጅራቱ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ መንጋጋው እጃችሁን ሲጨምቅ ይሰማችኋል። ልቀቁት።

ደስታው ሳይበርድ ግን ሊደሩን በሁለት ጣት መካከል ከጫፍ እስከ ላይ አሳልፉት። ከማታለያው በላይ ያለው አንድ ክንድ ያህል ሻክሮ፣ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ያንን ቁረጡና አዲስ ቋጠሮ ቋጥሩ፤ የመንጠቆውንም ጫፍ እንደገና ጥፍራችሁ ላይ ሞክሩ። ጉድለቱ ገና ካላለቀ ዘንጉን አስቀምጡና እንደገና አሥር ደቂቃ ውሃውን ተመልከቱ።