ከንፋስ ማመንጫ ጎን የሚተከል ባትሪ፦ ችግርና መፍትሄ

የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ንፋስ የሚሰጠው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ልክ ስለሚለዋወጥ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 ወደ 8 ሜትር ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በአገራችን ይህን ጉድለት በአብዛኛው የሚሸፍኑት የውሃ ማመንጫዎች ናቸው። እንደ አዳማ ባለ ጣቢያ ባትሪ ሲተከል ለሚታዩ ችግሮች፣ የባትሪውን ሴሎች (ኃይል የሚያከማቹትን ክፍሎች) ከመጠርጠር በፊት የመቆጣጠሪያውን ቅንብር መፈተሽ ይገባል እላለሁ።

ባትሪው በሚፈለግበት ሰዓት ባዶ ሆኖ ይገኛል

ከሁሉ አስቀድሞ በሜጋ ዋትና በሜጋ ዋት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት መታወቅ አለበት፤ የመጀመሪያው ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚሰጠውን ኃይል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚያከማቸውን ጠቅላላ መጠን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ አውስትራሊያ ሥራ የጀመረው የሆርንስዴል ባትሪ መጀመሪያ ላይ 100 ሜጋ ዋት ኃይልና 129 ሜጋ ዋት ሰዓት የማከማቸት አቅም ስለነበረው፣ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አያልፍም ነበር። ንፋሱ ለግማሽ ቀን ሲተኛ እንዲህ ያለውን ባትሪ መውቀስ ተገቢ አይደለም፤ ሥራው የደቂቃዎችን መዋዠቅ ማለስለስ ነውና።

ባዶነቱ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን መንስኤው ብዙውን ጊዜ ብክነት ነው። ከገባው 100 እጅ ኃይል ተመልሶ የሚወጣው ከ85 እስከ 90 እጅ አካባቢ በመሆኑ፣ የሚገባውና የሚወጣው እኩል እንዲሆን የታዘዘ ባትሪ ቀስ በቀስ ይራቆታል። መፍትሄው የቻርጅ መጠኑን ወደ 50 በመቶ አካባቢ በዝግታ የሚመልስ ትዕዛዝ በመቆጣጠሪያው ላይ መጨመር ነው። የአየር ትንበያው ንፋሱ እንደሚደክም ካመለከተ ደግሞ ግቡን አስቀድሞ ከፍ ማድረግ ይጠቅማል።

ሌላው መንስኤ የማለስለሻው ዘዴ ራሱ ነው። ተንቀሳቃሽ አማካይ (በቅርብ ጊዜ የተለካውን ኃይል እያማከለ የሚታደስ ቁጥር) የሚከተል መቆጣጠሪያ ያለፈውን ሁኔታ ስለሚጎትት፣ ንፋሱ ከረጋ በኋላም ባትሪውን ያሠራዋል። በእኔ እምነት በደቂቃ የሚፈቀደውን የኃይል ለውጥ ወስኖ፣ ከዚያ ያለፈውን ብቻ ለባትሪው መስጠት ይሻላል፤ የሴሎቹንም ዕድሜ ይቆጥባል።

የቻርጅ ንባቡ በድንገት ይዘላል

ማሳያው 40 በመቶ ሲል ቆይቶ በቅጽበት ወደ 15 ቢወርድ፣ ባትሪው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። የዚህ ዓይነት ሴል ቮልቴጅ በመካከለኛው የቻርጅ ክልል ብዙም ስለማይለወጥ፣ መቆጣጠሪያው የሚተማመነው የገባውንና የወጣውን ከረንት በመደመር ነው፤ ጥቃቅን የልኬት ስሕተቶችም ይጠራቀማሉ። ፍላጎት ዝቅ በሚልበት ሌሊት በየጊዜው እስከ ጫፍ ቻርጅ ማድረግ ንባቡን ያስተካክላል፤ ሴሎቹንም ለማመጣጠን ዕድል ይሰጣል። ችግሩ ቶሎ ከተመለሰ የከረንት መለኪያው ከረንት በሌለበት ጊዜ በትክክል ዜሮ ማሳየቱን ይፈትሹ።

ባትሪው ከገባ በኋላ ፍሪኩዌንሲው መወዛወዝ ይጀምራል

ፍሪኩዌንሲ ከረንቱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር ሲሆን፣ መደበኛው 50 ሄርዝ ነው። በውሃ ተርባይን የውሃው በር ሲከፈት ግፊቱ ለጊዜው ስለሚወርድ፣ ኃይሉ ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ይቀንሳል፤ ባትሪ ግን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመልሳል። ባትሪው ከ50 ሄርዝ ለሚታይ ጥቂት መዛነፍ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ከተቀናበረና የልኬት ምልክቱም ከዘገየ፣ እርማቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ እየደረሰ መዛነፉን ያባብሰዋል። የምላሹን መጠን ቀንሰው፣ ባትሪው ዝም የሚልበትን ጠባብ ክልል ይወስኑ፤ መዘግየቱንም ለክተው፣ ከብሔራዊ የኃይል ቋት መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር በመነጋገር በጥቂት በጥቂቱ ይሞክሩት።

እኩለ ቀን ላይ ኃይሉ ይቀንሳል

መንስኤው ሙቀት ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ቀጥተኛ ከረንት ወደ ተለዋዋጭ የሚቀይረውን መሣሪያ) በበቂ አያቀዘቅዝም። በበጋ የሚነሳው አቧራ የአየር ማጣሪያውን ሲዘጋው ሁኔታው ይባባሳል። ማጣሪያውን በበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ ያጽዱ። ብዙ መሣሪያዎች ሙሉ አቅማቸው የሚገለጸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ስለሆነ፣ ግዥው ከመፈጸሙ በፊት በአዳማ ከፍታ ላይ የሚኖረውን አቅም አምራቹ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ።