የመጀመሪያዎቹን አራት አይማኮች እንዴት ለይተን እናወዳድራለን?

አፕል እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1998 ለገበያ ያቀረበው፣ ስክሪኑና ኮምፒውተሩ በአንድ አካል የተሠራው አይማክ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሦስት ጊዜ ተሻሽሏል። የውጭ ቅርጹ ግን ስላልተለወጠ፣ ዛሬ ይህን አሮጌ ማሽን የሚገዛ ሰው የትኛው እትም እንደደረሰው በዓይኑ ብቻ አይቶ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ሰብሳቢዎች አራቱን እትሞች በቅደም ተከተል ሬቪዥን ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ይሏቸዋል።

በቅድሚያ የሲዲ ማስገቢያውን ይመልከቱ። ሲዲው የሚቀመጥበት ሳህን ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ ማሽኑ ከአራቱ አንዱ ነው፤ ሲዲውን በቀጭን ስንጥቅ የሚቀበል ከሆነ ግን ከኦክቶበር 1999 ወዲህ የመጣ ሌላ ትውልድ ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። ከዚያ ወደ ቀለሙ ይሂዱ። ኤ እና ቢ በሲድኒው የቦንዳይ ባሕር ዳርቻ የተሰየመውን፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ሰማያዊ ቀለም ይዘዋል፤ ሲ እና ዲ ደግሞ ብሉቤሪ፣ ግሬፕ፣ ታንጀሪን፣ ላይም እና ስትሮቤሪ በተባሉ አምስት ቀለሞች ቀርበዋል። ሻጮች ቦንዳዩንም ብሉቤሪውንም በደፈናው «ሰማያዊ» ስለሚሏቸው፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶ መጠየቅ ይበጃል።

አስቸጋሪው ሥራ ኤን ከቢ መለየት ነው። ሁለቱም ባለ 233 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ የወጡት በ32 ሜጋ ባይት ራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) እና በ4 ጊጋ ባይት ሃርድ ዲስክ ነው። ልዩነታቸው በግራፊክሱ ላይ ነው፦ ኤ ሬጅ ቱሲ የተባለውን ቺፕ ከ2 ሜጋ ባይት የቪዲዮ ሜሞሪ ጋር ሲይዝ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር የመጣው ቢ ሬጅ ፕሮ ቱርቦን ከ6 ሜጋ ባይት ጋር ይዟል። ይህን አፕል ሲስተም ፕሮፋይለር በተባለው ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ይሁንና የኤ ቪዲዮ ሜሞሪ እስከ 6 ሜጋ ባይት ማደግ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የቺፑም ዓይነት መታየት አለበት። ኤ በማክ ኦኤስ (የአፕል ኦፕሬቲንግ ሲስተም) 8.1፣ ቢ በ8.5 መሸጣቸውም አይረዳም፤ ሲስተሙን በኋላ ማንም ሊቀይረው ይችላልና።

ሲ እና ዲ በፍጥነታቸው ይለያሉ፦ የጃንዋሪ 1999ኙ 266፣ የኤፕሪሉ 333 ሜጋኸርዝ ነው። የሁለቱም ዲስክ 6 ጊጋ ባይት ሲሆን፣ በቀደሙት ላይ የነበረው፣ ያለ ገመድ በማይታይ ብርሃን የሚሠራው የኢንፍራሬድ መገናኛ ተነሥቶላቸዋል፤ ዋጋቸውም ከ1,299 ወደ 1,199 ዶላር ወርዷል።

በእኔ ግምት የፍጥነቱ ልዩነት ከሚወራለት ያነሰ ክብደት አለው። 32 ሜጋ ባይት ብቻ ካለው ዲ ይልቅ ራሙ ወደ 128 ያደገ ቢ የተሻለ ያገለግላል፤ የመጀመሪያውን ቀለም ከተሻለ ግራፊክስ ጋር ስላጣመረም ምርጫዬ እርሱ ነው። በሶፍትዌር በኩል አራቱም እኩል ናቸው፦ 128 ሜጋ ባይት ራም ካላቸውና ሲስተሙ በዲስኩ የመጀመሪያ 8 ጊጋ ባይት ውስጥ ከተጫነ እስከ ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.3 ይሄዳሉ፤ 10.4 ግን አንዳቸውም የሌላቸውን ፋየርዋየር የተባለ የገመድ ማገናኛ ይጠይቃል። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች የዓለም ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት መለኪያ፣ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ስለሆነ፣ አብሯቸው በመጣው ሲስተም ዛሬ የሚጻፈውን አማርኛ አነባለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ራም ለመጨመር ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ለስላሳ ጨርቅ ላይ በስክሪኑ ይድፉት፤ ከዚያ የኋላውን የታችኛ ክዳን ፈትተው፣ ገመዶቹን ነቅለው ማዘርቦርዱን ከነመያዣው ይሳቡ። የስክሪኑን ክፍል ግን አይክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑን ግማሽ ሰዓት ያህል አብርተው ምስሉ መጥቆሩንና መንቀጥቀጡን ያጣሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የ3.6 ቮልት ባትሪ ፈስሳ ዙሪያዋን እንዳልበላችውም ይመልከቱ።